ያስወጣሁት ምዕራፍ

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ። ሌላ ሰው ሳይነግራችሁ እኔው ልንገራችሁ። ሠላሳ ዓመት ገደማ ምህንድስና ሳስተምር ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ኮንክሪት» ይሉኝ እንደነበር አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይለኝ ነበር፤ ጠንካራ ነው ማለታቸው ይመስለኛላ! አሁን ጡረታ ወጥቼ ሳሊተ ምሕረት ያለው ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ስል ግን የሚታየኝ ሙገሳው አይደለም። የምትታየኝ አንዲት ልጅ ናት። መምህር ትሆን ነበር። እንዳትሆን ያደረግኋት እኔ ነኝ።

ስለ እሷ ለማውራት ስለ ፕሮግራሜ ማውራት አለብኝ። አንድ ግድብ ወይም አንድ ምሰሶ ጭነት ሲያርፍበት ምን ያህል እንደሚጎብጥ ለማወቅ ብዙ መሐንዲስ የሚሄድበት መንገድ ዕቃውን በሐሳብ እንደ ድፎ ዳቦ ቆራርሶ እያንዳንዱን ቁራሽ ማስላት ነው። እኔ የተማርኩት ሌላ መንገድ ነው፤ ባውንደሪ ኤለመንት ይባላል። መሃሉን ትተህ ዳሩን ብቻ ትከፋፍላለህ። የቆዳውን ካወቅህ የሆዱን ሂሳቡ ራሱ ይነግርሃል። በወጣትነቴ ይህን ዘዴ የሚሠራ ፕሮግራም ፎርትራን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ጻፍኩ። ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ። ባለቤቴ «አንተ እኮ ያገባኸው እሱን ነው» ትለኝ ነበር፤ ቀልድ አልነበረም።

ፕሮግራሙ ያደገው በግድብና በዋሻ ነው። ወፍራም ነገር ስጡት፣ አንድም ቀን አያሳፍራችሁም። በእሱ ያልተመረቀ የኔ ተማሪ የለም። አንድ ሰው በፕሮግራሜ ላይ ቅር ሲለው ደሜ ይፈላል፤ ልጄን የሰደቡብኝ ያህል።

ልጅቷ ሁለተኛ ዲግሪዋን ስትሠራ አማካሪዋ ሆንኩ። አባቷ ከወሎ መጥተው ገርጂ ላይ ላሜራና ቱቦላሬ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው፤ ላሜራ ሲወርድና ሲጫን እየሰማች ያደገች ልጅ ናት። ዝምተኛ ናት፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ስትቆም ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። አንድ ጊዜ ጉንፋን ጥሎኝ የሁለተኛ ዓመቶቹን ክፍል እሷ ገብታ አስተማረችልኝ። ተማሪዎቹ ሲጨርሱ አጨበጨቡላት አሉኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት አስተምሬ አንድም ቀን አልተጨበጨበልኝም! ቀናሁ ልበል? ትንሽ ቀናሁ። ትምህርት ክፍላችንም «በጥሩ ውጤት ከጨረስሽ እዚሁ መምህር አድርገን እናስቀርሻለን» ብሎ ቃል ገብቶላት ነበር። በዓለም ላይ የምትፈልገው እሱን ብቻ ነበር።

የመረጠችው ርዕስ ከአባቷ ሱቅ የመጣ ነው። ሰው ጣሪያው ላይ የሚሰቅለውን የውሃ ታንከር ሲያሠራ ሁልጊዜ ሳሳ ያለ ላሜራ ይፈልጋል። «ሐጂ፣ ከዚህ ቢሳሳ ይችላል?» ይሏቸዋል አባቷን። እሳቸውም በልምድ ይመልሳሉ። እሷ በሂሳብ መመለስ ፈለገች። «ግድግዳው ስስ የሆነ ነገር ሁሉ ምን ያህል ጭነት እንደሚችል በዶክተር ፕሮግራም ልሥራው» ስትለኝ ደስ አለኝ። ማን ይጠላል!

ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ማክሰኞ ቢሮዬ መጣች። በአባቷ ሱቅ ጓሮ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ትንሽ ታንከር አስበይዳ፣ ውሃ ሞልታ፣ ግድግዳው ምን ያህል ወደ ውጭ እንደተነፋ ክር ወጥራ በካሊፐር ለክታለች። ሁለት ሚሊሜትር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። የኔ ፕሮግራም ግን ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አልሰጣትም። አከፋፈሉን ትንሽ ስትቀይረው ደግሞ ዘሎ አምስት አላት።

«ብየዳው ነው» አልኳት፣ ቀና ብዬም ሳላይ። «ብየዳ ስስ ላሜራን ያጣምማል። የሱቅ ጓሮ ላቦራቶሪ አይደለም።»

«ውሃው ከመሞላቱ በፊትም ለክቼዋለሁ፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው ስታስገቢ ተሳስተሻል።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። ቀጥላ «ምናልባት ያልገባኝ ነገር ይኖር ይሆናል፤ ግን አንድ ነገር ለብቻዎ ላሳይዎ ነበር» አለችኝ።

ቢሮዬን ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ነበር የምጋራው። ሁለቱም ተቀምጠዋል። «እዚሁ ተናገሪ እንጂ፣ ምን ሚስጥር አለው?» አልኳት። ወደ እነሱ አየት አድርጋ «ይቅር፣ ሌላ ጊዜ እመጣለሁ» ብላ ወጣች። በሌላም ጊዜ መጣች፤ ሰው ነበር። እንደገናም መጣች፤ ያኔም ሰው ነበር። እኔ ደግሞ ለባልደረቦቼ «ይቺ ልጅ በራሷ አትተማመንም» እያልኩ አወራሁ።

አሁን ሳስበው እጄን እነክሳለሁ። እኔ ያደግሁት እኮ ታላቅን በሰው ፊት ማረም ነውር በሆነበት ቤት ነው! አባቴ የአክስቴን ባል ስህተት ለመንገር ሰውየውን ሦስት ቀበሌ አልፎ እየሸኘ፣ ብቻቸውን እስኪሆኑ ይጠብቅ ነበር። ለብቻህ ላናግርህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ማን ይነግረኛል? ልጅቷ ግን እኔን ታርመኛለች የሚለው በሐሳቤም አልመጣ። የሚያርም እኔ፣ የምትታረም እሷ! እንዲያ ነበር የማውቀው።

በመጨረሻ ነገሩን ጽፋ በካኪ ኤንቨሎፕ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ለመመረቂያ ጽሑፏ አዲስ ምዕራፍ ነው። ርዕሱን አነበብኩ፤ የኔ ፕሮግራም ለስስ ግድግዳ የት ድረስ እንደሚያገለግልና የት ላይ እንደሚሳሳት ይላል። ከርዕሱ አላለፍኩም። ማን ናት እሷ? ትናንት የመጣች! ወዲያው ደወልኩላት።

«ይህ ምዕራፍ ይውጣ።»

«አነበቡት፣ ዶክተር?»

«ይውጣ አልኩሽ!»

«እሺ ዶክተር» አለችኝ። ኤንቨሎፑን መሳቢያዬ ውስጥ ወርውሬ ቆለፍኩበት።

ዲፌንሷ ማለትም ጽሑፏን በፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ቀን ደረሰ። ስለ ወፍራም አካላት የሚያወራውን ክፍል በሚያምር ሁኔታ አቀረበች። ስሱ ላይ ስትደርስ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ፈታኝ እጁን አነሣ። «እዚህ ጋ ግድግዳው በሳሳ ቁጥር ውጤትሽ ከፍ ዝቅ ይላል። ምክንያቱ ምንድነው?» አላት። ጥያቄው ትክክል ነበር። መልሱም እጇ ላይ ነበር፤ ያስወጣሁት ምዕራፍ ሙሉውን ስለዚያ ነው።

እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብቻ ከኔ ትጠብቅ ነበር፤ «ንገሪያቸው» ብላት ይበቃ ነበር። እኔ አንገቴን ደፍቼ ወረቀት አገላብጣለሁ። የማገላብጠው ወረቀት ምን እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

«ስህተቱ የኔ ነው» አለች። «ቁጥሮቹን ሳስገባ ተሳስቼ ይሆናል።»

ይህ አንሶኝ አፌን ከፍቼ ምን ብል ጥሩ ነው? «አዎ፣ ተማሪዋ ጥንቃቄ ይጎድላታል፤ ነግሬያት ነበር» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! አለፈች፣ ግን ውጤቷ ለመምህርነት ከሚያስፈልገው በታች ሆነ፤ ቦታውም ለሌላ ተሰጠ። ያን ዕለት ፈታኙን ሃያ ሁለት ሰፈር ወስጄ ክትፎ ጋበዝኩት። በላን፣ ተጫወትን፣ ሳቅን። እሷ ያን ሰዓት የት እንደነበረች አላሰብኩም። ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቦሌ ያለ አንድ የአማካሪ መሐንዲሶች ቢሮ አንዳንድ ሥራ ይሰጠኝ ጀመር። ባለፈው ክረምት ፎቅ ላይ የሚቀመጥ የላሜራ ታንከር እንድመረምር ጠየቁኝ። ፕሮግራሜን በኩራት ከፈትኩት። አንዴ ሦስት ሚሊሜትር አለኝ። አከፋፈሉን ስቀይር አሥራ አንድ አለኝ። ደግሜ ስቀይር ጭራሽ ወደ ውስጥ ጎበጠ አለኝ፤ ውሃ የተሞላ ታንከር ወደ ውስጥ! አጠገቤ ያለው መሐንዲስ በሌላ ሶፍትዌር ሠርቶ ሌላ ቁጥር አምጥቶልኝ ነበርና እሱ ላይ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ምንም አላደረገኝም። ቤቴ ስገባ ያ ኤንቨሎፕ ትዝ አለኝ። ቢሮዬን ስለቅ ሳላየው ከሌላው ወረቀት ጋር በካርቶን ጠቅልዬ አምጥቼዋለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ፣ እኔ ዘንድ ሁለቱም ነበሩ።

ሰባት ገጽ ነው። ሳሎን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሙ ዳሩን ሲያሰላ ከአንድ ነጥብ ሆኖ ሌላውን ፊት ሁሉ በተወሰኑ ቦታዎች ናሙና እየወሰደ ያያል። ወፍራም ነገር ላይ ፊትና ጀርባው ይራራቃሉ፤ ችግር የለም። ስስ ላሜራ ላይ ግን ጀርባው አፍንጫው ሥር ነው። አፍንጫህን ግድግዳ ላይ ለጥፈህ ግድግዳውን ልይ ብትል ምን ታያለህ? ፕሮግራሜም ያው ነው የሆነው፤ ከፊቱ ያለውን ትልቁን ቁጥር ሳያየው ያልፋል። እሷ ናሙናዎቹን በጣም ቅርብ ወደሆነው ቦታ የሚሰበስብ አጭር ቀመር ጨምራ፣ ቁጥሩ መዝለሉን እንዲያቆም አድርጋዋለች። ከአባቷ ጓሮ ታንከር ጋር ቁርጥ አንድ ሆነላት። እኔም በቢሮው ታንከር ላይ ሞከርኩት፤ ተስተካከለ። ምዕራፉ ውስጥ አንድም ቦታ «ተሳስተዋል» አይልም። «ፕሮግራሙ የተሠራው ለወፍራም አካላት በመሆኑ» ይላል፤ እኔን ከጥፋት ለማውጣት። ባለቤቴ ገብታ ስታየኝ እያለቀስኩ ነበር።

አንድ ሳምንት ከራሴ ጋር ተጣላሁ። አንደኛው ልቤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሉህ፣ ተወው» ይለኛል። በመጨረሻ ከሳሊተ ምሕረት ሚኒባስ ይዤ መገናኛ፣ ከመገናኛ ሌላ ይዤ ገርጂ ወረድኩ። አካባቢው በመንገድ ሥራ ተለዋውጦ ሱቁን ሁለት ጊዜ አልፌው ሄጄ ነበር። ስገባ ሒጃቧ ላይ ትንሽ አቧራ አርፎ፣ የቆዳ ጓንት አድርጋ፣ ለአንድ ደንበኛ የላሜራ ውፍረት ትለካለች። አይታኝ ደነገጠች። «ዶክተር!» ብላ ጓንቷን አውልቃ ሁለት እጇን ሰጠችኝ፤ ወንበር አመጣች፣ ጎረቤት ካለው ሻይ ቤት ሻይ አዘዘች። ደንበኛው እስኪወጣ ጠበቅሁ። እንዲያው ስድስት ዓመት ዘግይቼ፣ ለብቻ ማናገር ገባኝ።

«ምዕራፍሽን አነበብኩት» አልኳት።

ጓንቱን እጇ ላይ ታጥፈዋለች። «መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ባለፈው ሳምንት» አለች ደግማ።

«ልክ ነበርሽ። ስህተቱ የኔ ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ግን ምነው ያን ቀን ለፈታኙ ብትነግሪው? መልሱን ታውቂው የለም እንዴ?»

«በሰው ፊት? እርስዎን?» አለችኝ። ጥያቄዬ በእውነት አስገርሟት ነበር። «ለብቻዎ ልነግርዎ ስንቴ መጣሁ። ሳይሆን ሲቀር ጻፍኩት። ከዚያ በላይ ምን ላድርግ?»

በመንገድ ላይ ሳሰላስለው የመጣሁትን ነገርኳት። ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ የፕሮግራሙን ስህተት፣ ምዕራፉን ያስወጣሁት እኔ መሆኔን፣ በዲፌንሱ ቀን የዋሸሁትን ሁሉ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ፤ ውጤቷ ይታይላታል፤ መምህርም ይፈልጋሉ። ተዋርጄም ቢሆን አደርገዋለሁ አልኳት። ከልቤ ነበር።

ፊቷ በራ። አየሁት፣ አልተሳሳትኩም። ከዚያ መልሶ ጠፋ።

«አይጻፉ» አለች።

«ለምን? ማስተማር አትፈልጊም?»

«እኔማ...» ጓንቱን መልሳ ዘረጋችው። «እኔማ እስከ ዛሬ መስከረም በመጣ ቁጥር፣ ትምህርት ተከፈተ ሲሉ ሆዴ ይባባል። ግን አባቴ አሉብኝ።»

ከዚያ ነገረችኝ። ቦታው ለሌላ በተሰጠ ሰሞን የአባቷ ዓይን እየደከመ ነበር። «ለምን አላስቀሩሽም?» ብለው ሲጠይቋት ጥፋተኛ ተባልኩ ማለት ከበዳት። «እነሱማ ለምነውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ከእርስዎ ጋር ልሁን ብዬ እምቢ ያልኩት። መምህሬም አዝነው ፈቀዱልኝ» አለቻቸው። ሐጂ ይህን ከሰሙ ጀምሮ ሱቁ ለገባ ለወጣው ሁሉ «ልጄ ለኔ ብላ ዩኒቨርሲቲ ትታ መጣች» እያሉ ነው። አሁን ዓይናቸው ጨርሶ አያይም። በሽታቸውንም፣ ጨለማውንም የሚያስረሳቸው ይኸው ወሬ ነው።

«ደብዳቤው ሲመጣ እንደዋሸኋቸው ያውቃሉ» አለችኝ። «እዚህ የቀረሁት ለእሳቸው ብዬ ሳይሆን መሄጃ አጥቼ መሆኑን ያውቃሉ። እና ይተዉት፣ ዶክተር። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ።»

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ሲባል እሰማ ነበር። ሲፈስ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው፤ ያፈሰስኩትም እኔ ነኝ። ልነሣ ስል ሐጂ ከመስጊድ ተመለሱ። አንድ እጃቸው ከዘራ ላይ፣ አንድ እጃቸው የሱቁን በር እየዳሰሰ ገቡ። ነጭ ቆብ አድርገዋል፤ ፊታቸው የደስተኛ ሰው ፊት ነው።

«እንግዳ አለ?» አሉ።

ልጅቷ አየችኝ። ዓይኗ ይለምነኝ ነበር። «አባ፣ መምህሬ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው» አለች።

«መምህርሽ? እኒያ የፈቀዱልሽ?» ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በሁለት እጃቸው አየሩን እየዳሰሱ ፈለጉኝ። ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። አለቀቁኝም። «ወይ ያላህ ሥራ! እኔ አንቱን ሳላመሰግን እንዳልሞት ስንት ጊዜ ዱዓ አድርጌያለሁ። ዓይኔ ሲጠፋ ዓይን የሰጡኝ አንቱ ነዎት። እንዲህ ያለች ልጅ ማን ይለቃል? ሌላ ቢሆን ለራሱ ያስቀራት ነበር።»

«ሐጂ፣ እኔ እንኳ...» አልኩ። ልጅቷ ራሷን በቀስታ ወዘወዘች።

ሐጂ እጄን ለቀው ሁለት መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ልጄን እንደሰጡኝ አላህ ልጅዎን አይንሳዎ» አሉና ቆሙ። እየጠበቁ ነው። የወሎ ሰው ሲመርቅ መልስ ካልሰማ አይቀጥልም። ልጅቷም መዳፏን ዘርግታ፣ አቀርቅራ ትጠብቃለች።

«አሜን» አልኩ።

«ለሰው እንዳሰቡ፣ ይታሰብልዎ።»

«አሜን።»

«ያስተማሩት ሁሉ እንደዚች ልጅ ይሁንልዎ።»

ሐጂ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ጠበቁኝ።

«አሜን» አልኩ።